ካሳ የሚባል ሕፃን የት ሄደ?

የአንድ መዋዕለ ሕፃናት የስም ዝርዝር ቢገለጥ ናታን፣ ናሆም፣ ኢዮስያስ ይበዛሉ። ካሳ ካለ የሚገኘው ወደ ኋላ ነው፤ የአባት ወይም የአያት ስም ሆኖ። ያ ሕፃን አድጎ ሲወልድ አያትየው ከዝርዝሩ ይወጣል። በእኛ አገር ስም የሚጠፋው እንዲህ ነው፤ ማንም ሳያስተውል፣ በሁለት ትውልድ።

ካሳ ቀላል ስም አይደለም። መንገድ ሲወጣ ቤቱ ለፈረሰበት ሰው የሚከፈለው ገንዘብ ካሳ ይባላል። ሕፃን ሲጠራበትም ትርጉሙ ያው ነው፤ ከእሱ በፊት የጠፋ አለ። ብዙ ጊዜ የጠፋው ቀድሞ የተወለደ ልጅ ነው፤ አንዳንዴም ልጁን ሳያይ የሞተ አባት። ካሳሁን፣ ካሳዬ፣ ካሳነሽ፣ ምትኩ፣ ተተካ፣ ማስረሻ፤ ሁሉም የአንድ ሐዘን ልጆች ናቸው።

ስሙ እስከ ቤተ መንግሥት ደርሶ ነበር፤ ግን ከደጃፉ አላለፈም። ካሳ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሡ ቴዎድሮስ ተባሉ። ካሳ ምርጫም በ1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ሲነግሡ ዮሐንስ ተባሉ። ሕዝቡ ግን የቀድሞ ስማቸውን አልተወም፤ ዛሬም አንዱ «መይሳው ካሳ»፣ ሌላው «አባ በዝብዝ ካሳ» ናቸው።

ታዲያ ለምን ቀነሰ? አንዱ ምክንያት የዘመን ምርጫ ነው፤ ከተሜ ወላጅ ከመጽሐፍ ቅዱስ አጠር ያለ፣ ለፈረንጅ አፍም የማይከብድ ስም ይወዳል። ሌላው ግን ደስ የሚያሰኝ ነው። የ1992 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008ቱ ጥናት ቁጥሩ 67 ሆኗል። ከስድስት አንዱ የነበረው ከአሥራ አምስት አንዱ ሆነ ማለት ነው። የሚካስ ሐዘን ሲቀንስ ካሳም ይቀንሳል። «የአገር ስም ጠፋ» ብለው የሚቆጩ ይህንንም ቢያስቡት መልካም ነው።

ግን 67 ዜሮ አይደለም። ዛሬም ልጅ ቀብሮ ሌላ የሚወልድ ቤት አለ። አዲሱ ልጅ ናታን ይባላል፤ በዕብራይስጥ «ሰጠ» ማለት ነው። ካሳም ስለ መስጠት ይናገራል፤ ነገር ግን «ቀድሞ ተወስዶ ነበር» የሚለውን አይደብቅም። ልጁ በተጠራ ቁጥር የሟቹም ቦታ ይታወቅ ነበር። ዛሬ ሕፃን የሞተባት እናት የምትሰማው «አይዞሽ፣ ገና ልጅ ነሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ» የሚል ነው። ከዚያ ወዲያ የመጀመሪያውን የሚያነሣ የለም።

እርግጥ የሌላ ምትክ ሆኖ መወለድ ለልጅ ሸክም ነው፤ እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ስም ይገባዋል። ስለዚህ ካሳ ባይመለስም አይክፋ። ይሠራ የነበረውን ሥራ ግን አንድ ሰው መረከብ አለበት። ለቅሶ የደረሰ ጎረቤት «ሌላ ትወልጃለሽ» ከማለቱ በፊት «ስሙ ማን ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ ይበቃል።