ከቀይ ድንጋይ እስከ ማረሻ

«ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። ብረቱ ከመጋሉ በፊት ከወዴት እንደ መጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

እኔን ይህን ጥያቄ ያስጠየቀኝ የባሌ ምድር ነው። ከጎባ በላይ በሳነቴ አምባ ላይ ያለው፣ ከፍታው 4,377 ሜትር የሆነው ተራራ ቱሉ ዲምቱ ይባላል፤ በኦሮምኛ ቀይ ተራራ ማለት ነው። አፈርንና ድንጋይን እንዲህ የሚያቀላው ብዙ ጊዜ ከኦክስጅን ጋር የተዋሐደ ብረት ነው። ሆኖም ከቀይ መሬት ሁሉ ብረት አይወጣም፤ ለማቅለጥ የሚበቃው ብረት የበዛበት ድንጋይ ብቻ ነው።

የጥንቱ ባለሙያ እንዲህ ያለውን ድንጋይ ሰብሮ ከከሰል ጋር በጭቃ ምድጃ ውስጥ ይጨምርና በወናፍ ይነፋው ነበር። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ኦክስጅኑን ከብረቱ ነጥቆ ይሄዳል። ሙቀቱ 1,200 ዲግሪ ያህል ሲደርስ ቆሻሻው ቀልጦ ይፈሳል፤ ንጹሕ ብረት ግን የሚቀልጠው በ1,538 ዲግሪ ስለ ሆነ እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ጓል ሆኖ ይቀራል። ያም በመዶሻ ሲደበደብ በውስጡ የቀረው ዝቃጭ ይወጣለታል።

ይህ እውቀት ለአገራችን እንግዳ አልነበረም። በደቡብ ኦሞ የሚኖሩት የዲሜ ሰዎች ብረትን ከድንጋይ በማውጣት የታወቁ ነበሩ። በኦሮሞ ዘንድም ብረት ቀጥቃጩ ቱምቱ ይባላል። ገበሬው ያለ እነዚህ ሰዎች እጅ ማረሻም ማጭድም አያገኝም ነበር።

እኛስ ምን መለስንላቸው? ማረሻውን ተቀብለን ሠሪውን ቡዳ አልነው፤ ከእጁ ሥራ የተገኘውን እንጀራ በልተን ልጃችንን አንድርለትም አልን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ፤ ነገር ግን ስድብ በአንድ አዋጅ ብቻ አይጠፋም። በአንድ ወገን ከውጭ የሚገባው ብረት፣ በሌላ ወገን ንቀት ምድጃውን አቀዘቀዙት። ዛሬ ቀጥቃጩ ብዙ ጊዜ በመስፉ ላይ የሚያኖረው የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ነው።

የሮቤ ስንዴ በኮምባይነር በሚታጨድበት ዘመን ስለ ቀጥቃጭ ማውራት ምን ይጠቅማል የሚል ይኖር ይሆናል። ኮምባይነሩም ብረት ነው፤ በተሰበረ ጊዜ የሚበይደው እጅ ይፈለጋል። ያንን እጅ የናቀ ሕዝብ ስንዴው እስኪረግፍ ድረስ ሌላውን ሲጠብቅ ይኖራል።

ወጣቶች ሆይ፣ አንድ ነገር ልብ በሉ። ብረት በብዙ ድካም ከኦክስጅን ከተለየ በኋላ እርጥበት ባገኘው ጊዜ መልሶ ይዝጋል። ንቀትም እንዲሁ ነው፤ አንድ ጊዜ ተወገደ ተብሎ አይተውም፤ በየዕለቱ መወልወል ያሻዋል። ስለዚህ ብረት የሚቀጠቅጥ ወይም የሚበይድ ሰው ስታገኙ የዘሩን ነገር ትታችሁ ሙያውን ጠይቁት፤ ቢፈቅድላችሁም አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ ተማሩ።