የእናታችን ሕመም ለቤታችን ያስተማረው

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶቻችን። እኛ ግን የዚህን ቃል እውነትነት የተረዳነው በ2014 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም ሰሞን፣ በገዛ ቤታችን ነው።

እናታችን የስኳር በሽታ ካገኛቸው ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ጧትና ማታ ኢንሱሊን ይወጋሉ። እኛም ልጆቻቸው ተራ ገብተን መድኃኒቱን እንገዛለን፣ የሐኪሙን ቀጠሮ እናስታውሳለን፤ በዚህም የልጅነት ግዴታችንን የፈጸምን ይመስለን ነበር። መቼ እንደሚበሉ፣ ሌሊቱን እንዴት እንደሚያድሩ፣ ልባቸውን ምን እንደሚያስጨንቀው ግን ጠይቀን አናውቅም።

በጾሙ ሦስተኛ ሳምንት አንድ ቀን ከቀትር በኋላ እናታችን በማድቤቱ ደጃፍ ወድቀው ተገኙ። ላብ አጥምቋቸው፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ስማችንን ለይተው መጥራት ተስኗቸው ነበር። የደማቸው ስኳር ቢለካ 48 ሆነ፤ ከ70 በታች መውረዱ አደገኛ መሆኑን ያን ቀን ተማርን። መዋጥ ይችሉ ስለ ነበር ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ አጠጣናቸው፤ ጥቂት ቆይተውም አወቁን። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም ማፍሰስ አይገባም፤ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ማድረስ ነው።

ምክንያቱ ኋላ ተገለጠ። እናታችን መርፌውን ጧት ተወግተው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም ነበር። የተወጋ ኢንሱሊን ደግሞ ምግብ ቢመጣም ባይመጣም የደምን ስኳር ማውረዱን አይተውም። ከዚህም በላይ አባታችን ካረፉ ወዲህ ሌሊቱን በእንባ ያነጉት ነበር። እንቅልፍ ያጣ ሰውነት ለኢንሱሊን መታዘዙ ስለሚቀንስ ስኳራቸው ከፍ ይል ነበር፤ ሐኪሙም ይህን አይቶ መጠኑን ጨመረ። ሐኪሙ ስለ ጾሙም ስለ እንባውም አያውቅም፤ የንስሐ አባታቸው ስለ መርፌው አያውቁም፤ እኛም ሁሉን ማወቅ ሲገባን አንዱንም አላወቅንም።

«እማዬ፣ ለምን ደበቁን?» ብንላቸው፣ «እንዳትከለክሉኝ ነው፤ ጾሜን ካጣሁ ምን ቀረኝ፣ ልጆቼ?» አሉን። መልስ አጥተን ዝም አልን።

የንስሐ አባታቸውን ጠርተን ሁሉን ነገርናቸው። እርሳቸውም ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በጾም እንደማታስጨንቅ ካስረዱ በኋላ፣ «ነቢዩ ኤልያስ ተስፋ ቆርጦ ሞቱን በለመነ ጊዜ ምን ተደረገለት? ተኛ፤ መልአኩም ቀስቅሶ አበላው፤ ዳግመኛ ተኛ፤ ዳግመኛም አበላው። በኮሬብ የእግዚአብሔርን ድምፅ የሰማው ከዚያ በኋላ ነው» አሏቸው። ከፍስክ ምግብ እየተከለከሉ በሰዓቱ እንዲበሉ፣ ስለ ቀረውም ጾም ምጽዋት እንዲሰጡ አዘዟቸው።

በማግሥቱ ሐኪሙ ዘንድ አብረን ቀርበን ምንም ሳንሸሽግ ተናገርን። እርሱም መጠኑን ቀነሰ፤ የመርፌውንና የምግቡን ሰዓትም አስማማ። በገበታችን ላይ ጎመኑና ምስሩ በዛ፣ እንጀራው ተመጠነ፣ ሻዩም ያለ ስኳር ሆነ። ከራት በኋላ ጥቂት እንራመዳለን። የማታው ቡና ወደ ቀን ተዛወረ። አንዲት የልጅ ልጃቸው ከክፍላቸው ታድራለች፤ ከጸሎት በኋላም ስለ አባታችን ይጫወታሉ፤ ያለቅሳሉም፣ ይስቃሉም፤ ከዚያ ይተኛሉ።

ሕመሙ አልጠፋም፤ መርፌውም አልቀረም። ነገር ግን የሦስት ወሩን የስኳር መጠን የሚያሳየው የደም ምርመራ እየተሻሻለ ሄደ፤ እንደዚያ ቀን ያለ መውደቅም ዳግመኛ አላየንም።

ውድ አንባቢያን ሆይ፣ በቤታችሁ የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም ሌላ የቆየ ሕመም ያለበት ሰው ቢኖር፣ ጾሙ ሳይገባ ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም አማክሩ፤ መድኃኒቱን በራሳችሁ ፈቃድ አትጨምሩ፣ አታቋርጡም። ከሁሉ አስቀድማችሁ ግን ሕመምተኛውን ራሱን፣ «ሌሊቱን እንዴት አደሩ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም ቆማችሁ ስሙ።

እናታችን ዛሬ በጾም ጧት ቁርሳቸውን ከመቅመሳቸው በፊት እኩሌታውን ቆርሰው በሳህን ያኖራሉ፤ ከደጃችን ለሚቆም ነዳይ ነው። «ይኸው ጾሜ» ይላሉ።