የጸለይነውን ማን ያስታውሳል?

«በጸሎት አስቡኝ» ሲባል «እሺ» የማይል ክርስቲያን የለም። በቴሌግራሙ የጸሎት ቡድን አንዷ እህት ስለ እናቷ ቀዶ ሕክምና ትጽፋለች። ከሥሯ «አሜን»፣ «እግዚአብሔር ይማርልሽ» ይደረደራል፤ የተጣመሩ እጆች ይደረደራሉ። በሦስተኛው ቀን የአንዱ ቪዛ፣ የሌላው ፈተና፣ የሌላዋ ትዳር ይመጣና የእናትየዋ ነገር ወደ ላይ ሸሽቶ ይጠፋል። እናትየው ዳኑ? መልሶ የሚጠይቅ ስንት ሰው አለ? ክፋት አይደለም። ረስተን ነው።

የራሳችንንም ቢሆን እንረሳለን። ባለፈው ዓመት በዚህ ወር እግዚአብሔርን አጥብቀን ምን ነበር የለመንነው? ጭንቁ ሲያልፍ ልመናውም አብሮት ያልፋል። የማይረሳው ስእለት ብቻ ነው። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ የሚወጣ ሰው ምን ብሎ እንደተሳለ አሳምሮ ያውቃል፤ ዕዳ አለበታ! በየማታው ተንበርክከን የምንለምነውን ግን የሚያስታውሰን የለም።

ስለ ጸሎት ደብተር ልጽፍ የተነሣሁት ለዚህ ነው። ደብተሩ ለእግዚአብሔር አያስፈልገውም፤ እሱ አይረሳም። የሚያስፈልገው ለእኛ ነው፤ ምን እንደለመንን፣ ምን እንዳልለመንን፣ ምን እንዳልተመለሰልን በሐቅ እንድናውቅ።

«ጸሎት በልብ ነው፤ መጻፉ የፈረንጅ ልማድ ነው» የሚሉ አሉ። ይህን የሚል ሰው አንድ የብራና ጸሎት መጽሐፍ ገልጦ ይይ። ያስጻፈው ሰው ስም ከነክርስትና ስሙ በየጸሎቱ መካከል ገብቶ ያገኘዋል፦ ለእገሌ ራራለት፣ እገሊትን ጠብቃት እየተባለ። መጽሐፉ ሲሸጥ ወይም ሲወረስ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ የተተካበት ብራናም ብዙ ነው። አባቶቻችን የጋራውን ጸሎት የራሳቸው የሚያደርጉት በጽሑፍ ነበር።

ከዚያም ወደ ኋላ እንሂድ። ንጉሥ ሕዝቅያስ የአሦራውያን የዛቻ ደብዳቤ ሲደርሰው ወደ ቤተ መቅደስ ወጥቶ ደብዳቤውን በእግዚአብሔር ፊት ዘረጋው። ታሞ ከዳነ በኋላ ደግሞ በሕመሙ ጊዜ ያለውን ጻፈው፤ በኢሳይያስ ምዕራፍ 38 ላይ አለ። ሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ያማረረውን ለማስዋብ እንኳ አልሞከረም፤ እንዳለ አስቀመጠው።

በዚህ ጉዳይ ስሙ የማይቀር ሰው ጆርጅ ሙለር ነው። በ1805 እ.ኤ.አ. ፕሩሲያ ውስጥ ተወልዶ፣ አብዛኛውን ዕድሜውን በእንግሊዟ ብሪስቶል ያገለገለ ሰው ነው። በሕይወት ዘመኑ ከ10,000 በላይ ወላጅ አልባ ልጆችን አሳድጓል። መርሑ ችግሩን ለሰው ሳይሆን ለእግዚአብሔር ብቻ መንገር ነበር። የለመነውን፣ የመጣውን ገንዘብ፣ ቀኑን ይመዘግብ ነበር፤ ከ1837 ጀምሮም አሳትሞታል። በየጉባኤው የሚተረከው ለልጆቹ ዳቦና ወተት በመጨረሻው ሰዓት የደረሰበት ጠዋት ነው። እኔን ግን የሚገርሙኝ ሌሎች ሁለት ታሪኮቹ ናቸው።

አንደኛው የመጀመሪያውን ቤት ሊከፍት ሲዘጋጅ የሆነው ነው። ለቤቱ ጸልዮአል፣ ለገንዘቡ ጸልዮአል፣ ለሠራተኞቹ፣ ለዕቃው ሳይቀር ጸልዮአል። ልጅ ማስመዝገብ የሚፈልግ እንዲመጣ ለፌብሩዋሪ 3 ቀን 1836 ቀጠረ። ቀኑ ደረሰ፤ አንድም ሰው አልመጣም። ሙለር ወደ ጸሎቱ ተመልሶ ሲመረምር ያልለመነው አንድ ነገር አገኘ፦ ልጆቹን። ወላጅ አልባ ልጅ መቼም አይጠፋም ብሎ እንደተገኘ ቆጥሮት ነበር። ያን ማታ ስለዚሁ ጸለየ፤ በማግስቱ የመጀመሪያው አመልካች መጣ። ይህን ደብቆ ማለፍ ይችል ነበር፤ እሱ ግን ጻፈው። ለቤት፣ ለገንዘብና ለዕቃ እየጸለይን ዋናውን ሰው የዘለልንበት ገጽ በእኛም ደብተር አይጠፋም። ካልተጻፈ ግን አይታይም።

ሁለተኛው የአምስቱ ሰዎች ጉዳይ ነው። በኖቬምበር 1844 ሙለር አምስት ሰዎች ወደ እምነት እንዲመጡ በየቀኑ መጸለይ ጀመረ። ታሞም ሆነ መንገድ ላይ ሆኖ አላቋረጠም። የመጀመሪያው ሰው ያመነው ከ18 ወራት በኋላ ነው። ሁለተኛው ሌላ አምስት ዓመት ወሰደ። ሦስተኛው ከዚያም በላይ ስድስት ዓመት። ሁለቱስ? ጸሎቱን ከጀመረ ወደ 36 ዓመት ሲጠጋ እንኳ እንዳላመኑ ራሱ ተናግሯል፤ ግን አሁንም እጸልያለሁ፣ ተስፋ አልቆረጥሁም ነው ያለው። ይህ በለመነበት ሰዓት እልፍ ጊዜ ተመልሶልኛል የሚል ሰው ነው። የተመለሰለትን ብቻ ቢቆጥር ማን ይጠይቀው ነበር? የእሱ መዝገብ የሚታመነው ግን እነዚያ ሁለት ሰዎች ስላሉበት ነው።

የእኛ ምስክርነት እዚህ ላይ ይጎድላል። መድረክ ላይ የሚወጣው የተሳካለት ነው። ጸልዮ ልጁን የቀበረ አባት ማይክ አይሰጠውም። መዝሙረ ዳዊት ግን ይሰጠዋል። በግእዙ ቁጥር 87ኛው፣ በሌላው አቆጣጠር 88ኛው መዝሙር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጩኸት ነው፤ የሚዘጋውም በጨለማ ነው። ማንም «ይህ እምነት የጎደለው ነው» ብሎ ከመጽሐፉ አላወጣውም። እንዲህ ያለ ጸሎት ከቅዱሱ መጽሐፍ ካልተሰረዘ ከእኛ ደብተር የሚሰረዝበት ምክንያት የለም።

ደብተር ከምኞታችን ጋርም ያፋጥጠናል። አሜሪካዊቷ ደራሲ ፍላነሪ ኦኮነር በ1946 እና በ1947 እ.ኤ.አ. አዮዋ ተማሪ ሳለች የጸሎት ደብተር ነበራት። ከሞተች ከብዙ ዓመታት በኋላ በ2013 ታትሟል። ጥሩ ደራሲ አድርገኝ ብላ ትለምናለች፤ ወዲያው ደግሞ ይህ ምኞቴ የአንተ ክብር ነው ወይስ የእኔ ከንቱነት እያለች ራሷን ትመረምራለች። የመጨረሻው ገጽ ላይ የአጃ ብስኩት በመብላት ሆዳምነቷን ትናዘዛለች። ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበረች። በአፍ የተባለ ምኞት ያልፋል፤ የተጻፈ ምኞት ግን በሚቀጥለው ሳምንት ገጹን ስንገልጥ እዚያው ይጠብቀናል። አንዳንዴ «አሜን» እንላለን፣ አንዳንዴ እናፍራለን። ሁለቱም ጸሎት ነው።

ለመጀመር ለምትፈልጉ ጥቂት ነገር ልበል።

ቀኑን ጻፉ። ጥቅምት ይሁን ሰኔ፣ ያለ ቀን የተጻፈ ጸሎት ኋላ ለማመሳከር አይመችም።

የሚጨበጥ ነገር ጻፉ። «ቤተሰቤን ባርክ» ጥሩ ጸሎት ነው፤ ግን መመለሱን በምን ታውቃላችሁ? «አባቴ ማክሰኞ የስኳር ቀጠሮ አለው፤ ሐኪሙ የሚለውን ሳይፈራ ይስማ፣ መድኃኒቱንም አያቋርጥ» ብላችሁ ጻፉ። ያኔ ረቡዕ ዕለት ለአባታችሁ መደወላችሁ አይቀርም። ስም የተጻፈበት ጸሎት ስልክ ያስነሣል።

ከእያንዳንዱ ልመና ሥር ባዶ ቦታ ተዉ። መልስ ሲመጣ ቀኑን ጻፉበት። «አይሆንም» ከሆነም እሱኑ ጻፉ። ምንም ካልመጣም ባዶውን ተዉት፤ ለእግዚአብሔር ተብሎ ሰበብ አይፈለግለትም። በወር አንዴ ወደ ኋላ ግለጡ፤ ካልተነበበ መጻፉ ብቻውን ብዙም አይረባ።

ሁለት ጥንቃቄ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል፤ ደብተራችሁም አንድ ቀን ሰው እጅ ይገባል። ሰው አምኖ የነገራችሁን ምስጢር በዝርዝር አትጻፉ፤ የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ይበቃል፣ እግዚአብሔር ማን እንደሆነ ያውቃል። ለንስሐ አባት የሚነገረውም ለንስሐ አባት ይነገር። ሌላው፣ ደብተሩን የሱቅ ዱቤ መዝገብ አታድርጉት። እግዚአብሔር ባለዕዳችን አይደለም፤ የተመለሰ ጸሎት ብዛትም የቅድስና ማዕረግ አይሰጥም።

ውድ ደብተር አያስፈልግም፤ የተማሪ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል። ስልክ ላይ መጻፍም ይቻላል፤ ነገር ግን ጸሎት ለመጻፍ የተከፈተ ስልክ ወዴት ወዴት እንደሚወስድ ሁላችንም እናውቃለን። ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት የአንድ ሰው ስም፣ አንድ ልመናና ቀኑን ጻፉ። ነገ ጠዋት ደግሞ ለዚያ ሰው ደውሉና «እንዴት ሆንክ?» በሉት።