የወልቂጤ ጎዳናና ባዶው ጀሪካን

እ.ኤ.አ. በ2011 የካይሮ ወጣቶች የመሐመድ ማሕሙድን ጎዳና ግንብ በሥዕል ሸፍነው ብሶታቸውን እንደ ገለጡበት የሰማ ሰው፥ በጅማ መንገድ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ወልቂጤ ሲደርስ ይህን የመሰለ ቢፈልግ ዐይኑ የሚያርፈው በሱቅና በምግብ ቤት ማስታወቂያ ላይ ነው። እኔም ይህንኑ ፈልጌ ነበርና መጀመሪያ ቅር አለኝ።

ኋላ ግን ግድግዳ ግድግዳውን ማየቴ ስሕተት እንደ ነበረ ገባኝ። በጉራጌ ገጠር በየመንደሩ መካከል ጀፎረ የሚባል፥ ሣር የለበሰ ሰፊ መንገድ አለ፤ ቤቶቹም በግራና በቀኝ ፊታቸውን ወደ እርሱ መልሰው ተሰልፈዋል። ለቅሶው፥ ሠርጉ፥ የመስቀሉ ደመራ፥ የሽማግሎችም ሸንጎ እዚያው ነው። ማንም ቆርሶ እንዳያርሰው፥ አጥሩንም እንዳይገፋበት የአባቶች ሕግ ይከለክላል። መንገድ የጋራ ነው ሲባል ያደገ ሰው ከተማ ሲገባ አስፋልቱን በሌላ ዐይን አያየውም።

በኅዳር 2011 ዓ.ም. የዞኑ ምክር ቤት ጉራጌ ራሱን የቻለ ክልል ይሁን ሲል ወሰነ። መልሱ ዘግይቶ፥ በምትኩ ከሌሎች ዞኖች ጋር መጠቃለል ሲመጣ፥ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ወልቂጤ በሯን ዘግታ ተቀመጠች። ያን ባዶ ጎዳና ያየ ሹም ምን እንደ ተባለ ለመረዳት ማንበብ አላስፈለገውም።

የካቲት 8 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ ጎዳናው ሞላ። ውኃ የተቋረጠባቸው ነዋሪዎች ባዶ ጀሪካናቸውን ይዘው ወጡ። እ.ኤ.አ. በ1971 የቺሌ ሴቶች ስለ ምግብ እጥረት ባዶ ድስት እየደበደቡ በሳንቲያጎ ተሰልፈው ነበር፤ የወልቂጤም ሰው ቀለምና ብሩሽ ሳይፈልግ በየቀኑ የሚሸከመውን ዕቃ አደባባይ አወጣ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ሥዕል ማን ይሥላል? የፀጥታ ኃይሎች ግን ተኮሱ፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ቢያንስ 3 ሰዎች መሞታቸውን አስታወቀ። ውኃ ለጠየቀ ሰው የተሰጠው መልስ ይህ ነበር።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ። ወልቂጤ የጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆና ስትቀር፥ በዘቢደር ተራራ ማዶ ያለችው ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነች። በቡታጅራም የመንገድ ነገር ሌላ ታሪክ አለው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ዓለም ገናን ከሶዶ የሚያገናኝ መንገድ ለመሥራት ማኅበር ሲቋቋም፥ አዲስ አበባ ገብተው የሚነግዱ የአገሩ ልጆች መንግሥትን ሳይጠብቁ ገንዘብ አዋጡ። አውቶቡሳችን ወደ አዲስ አበባ የተመለሰው በዚያው አቅጣጫ ነው።