«መጥፎ ነዳጅ ነው» የሚለው ቃል ማስረጃ ይፈልጋል

አሜሪካ ውስጥ በኤፍ-350፣ በራም 3500 ወይም በሲልቨራዶ ጎዝኔክ ተጎታች እየጎተቱ «ሆትሻት» የሚሠሩ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም፤ ይህን የምጽፈው በተለይ ለእነሱ ነው። የናፍጣ ፒክአፕ የነዳጅ ሲስተም ሲበላሽ ዲለሩ የሚያወጣው ሒሳብ ብዙውን ጊዜ ከ8 ሺህ እስከ 12 ሺህ ዶላር ይደርሳል፤ የሚያልፍበትም ጊዜ አለ። ሰውን የሚጎዳው ግን ሒሳቡ ብቻ አይደለም፤ አብራው የምትመጣ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። «መጥፎ ነዳጅ ስለተሞላ ዋስትናው አይሸፍነውም» ትላለች። አብዛኛው ባለመኪና ይህችን ቃል እንደ ሐኪም ምርመራ ውጤት ተቀብሎ ክሬዲት ካርዱን ያወጣል። እኔ ደግሞ ይህች ቃል ገንዘቡን ማን ይክፈል በሚለው ክርክር ውስጥ አንደኛው ወገን ያቀረበው ክስ ናት እላለሁ። ክስን ደግሞ የሚያስረዳው ከሳሹ ነው።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው እንነጋገር። የዘመኑ የናፍጣ ሞተር ነዳጁን ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚገፋው 2,000 ባር በሚደርስና አንዳንዴም በሚያልፍ ግፊት ነው። ይህን ግፊት የሚፈጥረው ፓምፕ የራሱ ዘይት የለውም፤ የሚያለሰልሰው የሚያልፍበት ናፍጣ ራሱ ነው። ቦሽ ቀደም ሲል የሠራው ሲፒ3 የተባለው ፓምፕ ሦስት ፒስተን ነበረው፤ በጂኤም ዱራማክስ ሞተር ላይ ከ2001 እስከ 2010፣ በራም ከሚንስ ላይ ደግሞ ከ2003 እስከ 2018 አገልግሏል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በጥንካሬው ዛሬም ይመሰገናል። ተከታዩ ሲፒ4.2 ሁለት ፒስተን ብቻ ነው ያለው፤ ፎርድ ከ2011 ጀምሮ በ6.7 ሊትር ሞተሩ ላይ፣ ጂኤም ከ2011 እስከ 2016 በዱራማክስ ላይ ገጠሙት። እዚህ ፓምፕ ውስጥ በካምሻፍቱ ላይ የሚንከባለል ሮለር አለ። ሮለሩን የያዘው ክፍል ከአቅጣጫው ዞር ካለ ሮለሩ መንከባለሉን ትቶ ይፋጫል፤ ብረት ብረትን ይፍቃል። የተፋቀው ብናኝ ፓምፑ ውስጥ አይቀርም። በከፍተኛ ግፊት ወደ ሬይሉና ወደ ኢንጀክተሮቹ ይሄዳል፣ ከዚያም በመመለሻው መስመር ታንኩ ውስጥ ይገባል። ለዚህ ነው ፓምፑን ብቻ ቀይሮ መሄድ የማይቻለው። ኢንጀክተሮቹ ሁሉ፣ ሬይሎቹና ቧንቧዎቹ ይቀየራሉ፣ ታንኩም ወርዶ ይታጠባል። በሒሳቡ ትልቅነት ዲለሩ አልዋሸም፤ ሥራው በእርግጥም ይህን ያህል ነው።

አሁን ወደ ነዳጁ። አሜሪካ የመንገድ ናፍጣን የሰልፈር መጠን በ1993 ወደ 500 ፒፒኤም፣ ከ2006 ጀምሮ ደግሞ ወደ 15 ፒፒኤም አወረደች። ብዙ ሰው «ሰልፈሩ ነበር የሚያለሰልሰው» ይላል፤ ልክ አይደለም። ሰልፈሩን ለማውጣት ነዳጁ በሃይድሮጅን ሲጣራ፣ በተፈጥሮው ብረትን የሚያለሰልሱ ሌሎች ውህዶችም አብረው ይወጣሉ። ስለዚህ አቅራቢዎች ማለስለሻ ኬሚካል መልሰው ይጨምሩበታል። ምን ያህል ማለስለስ አለበት የሚለው የሚለካው ደግሞ በቤተ ሙከራ አንዲት የብረት ኳስ በነዳጁ ውስጥ እየተፋተገች በሚታይባት ጠባሳ ስፋት ነው። የአውሮፓው ደረጃ ጠባሳው ከ460 ማይክሮን እንዳይበልጥ ያዛል፤ የአሜሪካው እስከ 520 ይፈቅዳል። የፓምፕ አምራቾቹ ራሳቸው በጋራ ባወጡት የአቋም መግለጫ የጠየቁት 460ን ነው። እንግዲህ ነገሩን አስቡት። አንድ ፋብሪካ የአሜሪካን ናፍጣ ደረጃ እያወቀ፣ ለአሜሪካ ገበያ፣ በ460 እንዲሠራ የታሰበ ፓምፕ ገጥሞ ይሸጣል። ገዢው ሕጉ የሚፈቅደውን ናፍጣ ከታወቀ ማደያ ይሞላል። ፓምፑ ሲሰበር «ነዳጁ ነው» ይባላል። ነዳጁ ሕጋዊ ከሆነ የፋብሪካው ምርጫ እንጂ የገዢው ጥፋት የቱ ላይ ነው?

ፋብሪካዎቹ በአፋቸው ያላሉትን በሥራቸው ብለውታል። ጂኤም በ2017 አዲሱን ዱራማክስ ሲያወጣ ሲፒ4ን ትቶ የዴንሶን ፓምፕ ገጠመ። ራም በ2019 ከሚንሱን ወደ ሲፒ4 ለወጠው። ብዙም አልቆየም፤ የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ምርመራ ከፈተ፣ በኅዳር 2021 ኩባንያው ከ222 ሺህ በላይ የ2019 እና የ2020 ሞዴል ትራኮችን ለጥገና ጠራ። ጥገናው ምን ነበር? ሲፒ4ን አውጥቶ ሲፒ3ን መግጠም፣ ያውም በነጻ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የአገሪቱ ናፍጣ በ2021 ከ2020 የተሻለ አልሆነም፤ ማደያዎቹም እነዚያው ናቸው። የተለወጠው ፓምፑ ነው። ችግሩ ያለው ሾፌሮቹ በሚሞሉት ነዳጅ ላይ ቢሆን ኖሮ ፓምፕ በመቀየር አይፈታም ነበር። በጂኤም በኩል ደግሞ በሚሺጋን የፌዴራል ፍርድ ቤት የተከፈተው የጋራ ክስ በ2024 የ50 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ላይ ደረሰ፤ ከ2011 እስከ 2016 የተሠሩ ዱራማክሶችን በካሊፎርኒያ፣ በፍሎሪዳ፣ በኢሊኖይ፣ በአይዋ፣ በኒው ዮርክ፣ በፔንሲልቬንያና በቴክሳስ የገዙትን ይመለከታል።

እዚህ ላይ ሁለት ጠንካራ ተቃውሞዎች ይነሳሉ። አንደኛው «ስምምነት የጥፋት ማመኛ አይደለም» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ጂኤም ጥፋት አላመነም። ኩባንያዎች ለጠበቃ ከመክፈል መስማማቱ ሲቀላቸው ይስማማሉ። ስለዚህ ስምምነቱን ብቻ ይዞ «ፓምፑ ጉድለት እንዳለበት ተረጋግጧል» የሚል ሰው ከማስረጃው አልፎ ሄዷል። የእኔ ክርክር በዚህ ላይ አልቆመም። ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል፦ መጥፎ ነዳጅ በእርግጥ አለ። ውሃ የገባበት የማደያ ጉድጓድ አለ፤ በስህተት ቤንዚን የሚሞላ ሰው አለ፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ለጭስ ማጣሪያው የሚሞላውን ዴፍ የናፍጣው ታንክ ውስጥ የሚጨምር አለ። እንዲህ ያለውን ጉዳት ፋብሪካው ይክፈል ማለት ፍትሕ አይደለም።

ልዩነቱ ግን እያንዳንዱ ጥፋት የራሱን ምልክት ትቶ መሄዱ ነው። ውሃ ከናፍጣ ይከብዳል፤ ናሙናው በግልጽ ጠርሙስ ውስጥ ሲቀመጥ ከሥር ይተኛል። የፊልትሮው ውሃ መለያ ይሞላል፣ ዳሽቦርዱ ላይ የውሃ ማስጠንቀቂያ መብራት ይበራል፣ ኮምፒውተሩም ኮዱን ይመዘግባል። ቤንዚን የተቀላቀለበት ናፍጣ በቤተ ሙከራ በቀላሉ ይታወቃል፤ ከተለመደው በታች በሆነ ሙቀት እሳት ይይዛል። ዴፍ ሲደርቅ ነጭ ክሪስታል ይተዋል። ራሱን የፈጨ ፓምፕ ምልክት ደግሞ ፊልትሮውና መቆጣጠሪያ ቫልቩ ላይ የሚያብለጨልጭ ብናኝ ነው። ስለዚህ «ነዳጁ መጥፎ ነው» ላለ ሰው የሚቀርበው ጥያቄ አጭር ነው፦ የትኛው ዓይነት መጥፎ? ውሃ ከሆነ ኮዱ የት አለ? ናሙናውስ? መኪናው ከመቆሙ በፊት ማስጠንቀቂያ ካልበራ፣ ጠርሙሱ ውስጥ ውሃ ካልተለየ፣ የተገኘው የብረት ብናኝ ብቻ ከሆነ «መጥፎ ነዳጅ» የሚለው ግምት ነው። ስለ ዝገትም እንዲሁ ነው። ተፈትቶ ለሳምንታት ጓሮ የተቀመጠ ፓምፕ ላይ የታየ ዝገት ከስብራቱ በፊት እንደነበረ ማንም በፎቶ ሊያረጋግጥ አይችልም፤ ፎቶው በተፈታበት ቀን ካልተነሳ በቀር።

ዲለሩን እንደ ጠላት ማየትም አይጠቅምም። ዲለር የፋብሪካው አካል አይደለም፤ ራሱን የቻለ ነጋዴ ነው። የዋስትና ሥራ ሲሠራ የሚከፍለው ፋብሪካው ነው፣ ያውም ብዙ ጊዜ ደንበኛ ከሚከፍለው ባነሰ የሰዓት ሒሳብ። በኋላ ኦዲተር መጥቶ «ይህ በዋስትና መሠራት አልነበረበትም» ካለ ፋብሪካው የከፈለውን መልሶ ይወስዳል። አሥር ሺህ ዶላር የሚያወጣ ሥራ ላይ ይህ ስጋት ትልቅ ነው። ሰርቪስ አድቫይዘሩ ጥርጣሬ ሲገባው ወደ «አይሸፈንም» የሚያዘነብለው ከክፋት ሳይሆን ከዚህ አሠራር የተነሳ ነው፤ ስህተት ቢሠራ ዋጋውን የሚከፍለው እሱ ነው፣ ባለመኪናው ላይ ቢፈርድ ግን ምንም አይከፍልም። ከእሱ ጋር መጮህ ትርፍ የለውም። የሚያዋጣው ጉዳዩ ወደ ፋብሪካው እንዲወጣ መጠየቅ፣ የጉዳይ ቁጥር መቀበልና የፋብሪካው መሐንዲስ ዕቃውን በዓይኑ እንዲያየው ማስደረግ ነው። ዲለሩም ውሳኔው ከትከሻው ሲወርድለት ብዙ ጊዜ አይጠላም።

ሕጉስ? ከ1975 ጀምሮ የሚሠራው የማግነሰን-ሞስ የዋስትና ሕግ ፋብሪካው «የእኔን ብራንድ ፊልትሮ ካልተጠቀምክ» ወይም «ዘይቱን እኔ ዘንድ ካልቀየርክ» ብሎ ዋስትና እንዳይከለክል ያግዳል፤ የውጭ ዕቃ ጉዳቱን አድርሷል ካለ ማሳየት አለበት። ይህ ሕግ ለሸማች ዕቃ የወጣ ነው፤ ፍሬይትላይነርና ቮልቮ ለሚነዱ ባለከባድ ትራኮች አይደርስም፣ እነሱን የሚገዛቸው የፈረሙት ውል ነው። ፋብሪካው እምቢ ካለ የአነስተኛ ክስ ችሎት አለ፤ ቴክሳስ እስከ 20 ሺህ ዶላር፣ ካሊፎርኒያ ለግለሰብ እስከ 12,500 ዶላር ይቀበላል። ካሊፎርኒያ ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ትራኩ በኤልኤልሲ ስም ከሆነ ጣሪያው 6,250 ዶላር ነው።

«ይህ ሁሉ ጣጣ ከሚሆን ውጭ ጋራዥ አሠርቶ መገላገል አይሻልም ወይ?» የሚል አለ። ዋስትናው ላለቀ መኪና አዎ፣ ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ ሲፒ3 ወይም ሌላ ፓምፕ የሚገጥሙ ጥሩ መካኒኮች አሉ። ብናኙ ወደ ኢንጀክተር እንዳይሄድ መንገዱን የሚቀይር ኪትም በጥቂት መቶ ዶላር ይገዛል፤ ፓምፑን አያድነውም፣ ሌላውን ዕቃ ግን ሊያተርፍ ይችላል። ማለስለሻ ኬሚካል መጨመር ወይም ጥቂት ባዮዲዝል ያለበት ናፍጣ መሙላትም ይረዳል፤ ሁለት በመቶ ባዮዲዝል ብቻ እንኳ ማለስለሱን በግልጽ ያሻሽላል። ዋስትናው ያለ መኪናን ከዲለር አውጥቶ ውጭ ማስፈታት ግን ማስረጃውን በገዛ እጅ ማጥፋት ነው። አንዴ ታንኩ ከታጠበና ፓምፑ ከተጣለ በኋላ ማን ትክክል ነበር የሚለውን የሚያሳይ ነገር አይቀርም።

ስለዚህ መኪናው ዛሬ ዲለር ግቢ የቆመበት ሰው ምንም ከመፈረሙ በፊት እነዚህን ይጠይቅ። ከታንኩና ከፊልትሮው የተወሰደ ናሙና፣ ግማሹ ለእሱ ተሰጥቶ ለገለልተኛ ቤተ ሙከራ የሚላክ። የኮምፒውተሩ ሙሉ የኮድ ዝርዝር በወረቀት። በተፈታበት ቀን የተነሱ ፎቶዎች። አሮጌዎቹ ዕቃዎች እንዳይጣሉ። የእምቢታው ምክንያት በጽሑፍ፣ የትኛውን የዋስትና አንቀጽ እንደሚጠቅስ ጭምር። ለቤተ ሙከራ የሚከፈለው ከ10 ሺህ ዶላሩ ጋር የሚነጻጸር አይደለም፤ ናሙናው በእርግጥ ውሃ ወይም ቤንዚን ካሳየ ደግሞ የማደያውን ደረሰኝ ይዞ ወደ ማደያው ወይም ወደ ኢንሹራንሱ መሄድ ይቻላል፤ አንዳንድ የኮምፕረሄንሲቭ ፖሊሲዎች ይከፍላሉ። የናፍጣ ደረሰኝ ለታክስ ብቻ አይደለም፤ ፊልትሮ የተቀየረበትም እንዲሁ፣ ሁለቱንም አትጣሉ። የመኪናችሁን ቪን ቁጥር በመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ አስገቡና ያልተሠራ ጥሪ እንዳለበት እዩ፤ በነጻ ነው። ከራም ጥሪ በፊት ፓምፑን ከኪሳቸው ያሠሩ ባለመኪኖች ደረሰኛቸውን አቅርበው ገንዘባቸው እንዲመለስ መጠየቅ ችለዋል።