ወንዝ ዳር የተነሳ ጥያቄ

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዚያን ሊያጠኑ አድዋ ሄዱ። የበሽታው ትል ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት የሚያድገው ውኃ ውስጥ ባሉ ቀንድ አውጣዎች አካል ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ዓይናቸው ቀንድ አውጣ ላይ ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ፣ ከሌላው የወንዙ ክፍል በተለየ፣ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አገኙ።

የመጡት በሽታ ሊያጠኑ እንጂ ልብስ አጠባ ሊያዩ አልነበረም። መዝግበው ማለፍ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን በዕቃ ሰብስበው፣ ከአጣቢዎቹ አንዷ የእንዶዱን አረፋ ጠብ እንድታደርግባቸው ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ሸማ ሲያነጣ የኖረው እንዶድ፣ ከውጭ በውድ የሚገባውን የቀንድ አውጣ መግደያ ኬሚካል ሊተካ እንደሚችል ፍንጭ የተገኘው እንዲህ ነው። ከዚያ ወዲያ የብዙ ሰው የዓመታት ድካም አለበት፤ ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ተቀብለዋል።

እኔን ከግኝቱ እኩል የሚገርመኝ ማንን እንደጠየቁ ነው። ሴትየዋ እንዶዱን ታውቃለች፤ እሳቸው ትሉን ያውቃሉ። ባያናግሯት ኖሮ ሁለቱ ዕውቀቶች እዚያው ወንዝ ዳር ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳይተዋወቁ ይቀሩ ነበር።

በየመሥሪያ ቤታችን የማየው ስብሰባ ከዚህ የራቀ ነው። ውሳኔው አስቀድሞ ያልቃል፤ የምንጠራው እጅ ለማውጣት ነው። «ለምን?» ያለ ሰው ሥራ አደናቃፊ ይባላል። ጥያቄ ጨርሶ የለም ማለቴ አይደለም። አዋቂነትን ለማሳየት፣ ባልደረባን ለማጥመድ የሚጠየቅ ሞልቷል። የምፈልገው ግን መልሱ ውሳኔውን ሊያስቀይር የሚችል ጥያቄ ነው። እሱን የሚጠይቅ አለቃ አስቀድሞ የራሱን ሐሳብ ለመተው መዘጋጀት አለበት፤ ከባዱም ይኸው ይመስለኛል። ብዙ ብር ከመመደቡ በፊትም በአንድ ዕቃ ውኃ የሚሞከር ነገር ካለ ይሞከር።

የመጋዘን ሠራተኛው ዕቃው የት እንደሚበላሽ ያውቃል። ሹፌሩ መንገዱ የቱ ጋ እንደሚያዘገይ ያውቃል። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ባለጉዳይ ለምን እንደሚመላለስ ከማንም በፊት ታያለች። በእናንተ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለው ሰው ማን ነው? ውሳኔ ከመወሰኑ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ የተጠየቀውስ መቼ ነው?