ከክረምት በኋላ የመጀመሪያዋ ታንኳ



የማክሰኝት ልጅ ነኝ። ጎንደር ዙሪያ ወረዳችን ጣናን ይነካል፤ ታንኳ ላይ የወጣሁት ግን ዘንድሮ ጥቅምት፣ ጎርጎራ አካባቢ ነው። ታንኳዋ አዲስ ነበረች፤ ያሰሯት አንድ የወይጦ ሽማግሌ ናቸው።

ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገሉ ታጭዶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ከዚያ እየተጠቀለለ ይታሰራል። ምስማር የለውም። ውሃ ስለሚመጥ ከጉዞ መልስ ዳር ወጥቶ ይሰጣል፤ እንዲያም ሆኖ ዕድሜው ከወራት አያልፍም። ዝናቡ ሲያባራ ሌላ ይታሰራል።

ሽማግሌው «ቢስሚላህ» ብለው ገፏት። ዘንጋቸውን እየተከሉ ሲሄዱ ደንገሉ ከዓመት ዓመት እየራቀ፣ እምቦጩ እየቀረበ መምጣቱን አጫወቱኝ።

ስንመለስ ዳር ላይ ዙህር ሰገድን። ምሳዬን ስፈታ ፈንጠር ብለው ተቀመጡ።

«አባባ፣ ይቅረቡ እንጂ።»

«ልጄ፣ ከእኔ ጋር ትበላለህ?»

በአንድ ሶፍ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን ከሰገድን አምስት ደቂቃ አልሞላም።

ወይጦዎች «ጉማሬ በሊታ» እየተባሉ ለዘመናት ከማዕድና ከጋብቻ ተገልለው ኖረዋል። ሙስሊሞች ናቸው፤ ያገለላቸው ግን ሌላው ጎረቤት ብቻ አይደለም፣ ሙስሊሙም ጭምር ነው። የቢላልን ታሪክ በየደዕዋው እንሰማለን፣ ሐበሻ በመሆኑም እንኮራለን። የቢላል ወገን ነን የምንል ሰዎች፣ ጣና ዳር ያለ ወንድማችን ለመብላት ፈቃድ እንዲጠይቀን ማድረግ የለብንም።

ወደ ጎርጎራ ወይም ባሕር ዳር ስትሄዱ ታንኳዋን ፎቶ አንስታችሁ ብቻ አትመለሱ። ሰላምታ ስጡ፤ እንጀራችሁን አውጡና አብራችሁ ብሉ።